ለሕፃናት የአባታቸው መርዶ እንዴት ይነገራል? አርባው እየደረሰ ነው

የማርቆሷ_አክስት (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለቤቱ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ አርፏል። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ቆይቶ እዚያው አለፈ። ደምበጫ አምጥተን ቀበርነው። ሁለት ልጆች አሉት። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። የቀብሩ ዕለት ሁለቱም ጎረቤት ቤት ዋሉ። "አባታችሁ ገና እየታከመ ነው፣ ሲሻለው ይመጣል" ተባሉ። እስከ ዛሬም የተነገራቸው ይኸው ነው።

እናታቸው ጥቁር ለብሳለች። ትንሿ ለምን ብላ ስትጠይቃት "ነጩ ታጥቦ ነው" አለቻት። ስልክ በጮኸ ቁጥር "አባዬ ነው? ስጡኝ" ትላለች። ትልቁ ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ መሽናት ጀምሯል፤ ከተወው ቆይቶ ነበር።

አርባው እየቀረበ ነው። ቤቱ በካህናትና በዘመድ ሲሞላ ምን ልንላቸው ነው? እናቴ "ሲያድጉ ራሳቸው ይደርሱበታል፣ አሁን አታስለቅሷቸው" ባይ ናት። ሽማግሌዎቹም ከእሷ ጋር ናቸው። እኔ ይነገራቸው እላለሁ። ግን ማን ይንገር? መቼ? በምን ቃል? በዚህ ያለፋችሁ፣ ልጆች የምትይዙ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጮቄ_ማዶ

ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናችሁ።

እኔ ግን ከእናትሽ ጋር ነኝ። የአራት ዓመት ልጅ ሞትን ምን ብላ ትረዳዋለች? ለምን ያለጊዜዋ ልቧ ይሰበራል? እኛ ስናድግ ማንም ቁጭ አድርጎ የነገረን የለም። ጥጃ ስንጠብቅ፣ ከዚህም ከዚያም ስንሰማ አወቅነው። ምን ሆንን? ለሕፃን ሁሉን ነገር ማስረዳት የከተማ ፈሊጥ ነው። ተዋቸው ይጫወቱ።

የመንገድ_ዳር_ልጅ (ሉማሜ)

ጮቄ ማዶ፣ "ምን ሆንን" ካልክ እኔ የሆንኩትን ልንገርህ።

እናቴ ስትሞት ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። "አዲስ አበባ ሄዳለች" ተባልኩ። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው። ከደጀን በኩል አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሮጬ እወጣለሁ። የሚወርዱትን ሴቶች አንድ በአንድ አያለሁ። የሷ ዓይነት ነጠላ ያደረገች ካለች እከተላታለሁ። ሰው ይስቃል፣ "ይሄ ልጅ መኪና ይወዳል" ይሉኛል።

መሞቷ አይደለም የጎዳኝ። ጥላኝ የሄደች ነበር የሚመስለኝ። ከመታመሟ በፊት አስቸግሬያት ነበር፣ ተቆጥታኝ ነበር። በቃ፣ እኔን ጠልታ ነው የሄደችው ብዬ ደመደምኩ። ማንም ስላልነገረኝ "አይደለም" የሚለኝም አልነበረም።

በመጨረሻ የነገረኝ አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ነው። ተጣላን፣ በስድብ መሃል አወጣው። ለቤተሰቤ አልተናገርኩም። እነሱ የማላውቅ መስሏቸው ይደብቁኛል፣ እኔም የማላውቅ መስዬ እደብቃቸዋለሁ። እንዲህ ብለን ስንት ጊዜ ኖርን።

እህቴ፣ ትልቁ ልጅ የማይጠይቀው ሰምቶ ይሆናል። ደምበጫ ትንሽ ከተማ ናት። የአባቱን ቀብር ያላየ የክፍል ጓደኛ የለውም።

ኬጂ_መምህርት (ፍኖተ ሰላም)

እግዜር ያጥናሽ እህቴ። ኬጂ ነው የማስተምረው። አባት፣ እናት ወይም አያት የሞተበት ልጅ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም።

ጮቄ ማዶ "ምን ትረዳዋለች" ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ማሪያ ናጊ የምትባል የሃንጋሪ ተመራማሪ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆችን ስለ ሞት ጠይቃ በ1948 እ.ኤ.አ. አሳትማ ነበር። ትንንሾቹ ሞትን እንደ እንቅልፍ ወይም እንደ መንገድ ነው የሚያዩት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ገና አልገባውም። ሰባት ስምንት ሲሞላው እየገባው ይመጣል።

ግን ይኸው ነው እንድንነግራቸው የሚያስገድደን። ልጅቷ በራሷ ጊዜ "ሄዷል፣ ይመጣል" ብላ ታስባለች። እኛ ደግሞ "ሄዷል፣ ይመጣል" ብለን እናጸናላታለን። የሄደ ይመለሳል፣ የተኛ ይነሳል። አያቷ "እንደተኙ ቀሩ" የተባለች ልጅ አስተምሬያለሁ፤ ለቀን እረፍት ፍራሽ ሲነጠፍ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። "እግዜር ስለወደደው ወሰደው" የተባለ ደግሞ ነበር፤ "እኔንም እንዳይወደኝ" ብሎ መጸለይ አልፈልግም አለ። እኛ ለማጽናናት ያልነውን እነሱ ቃል በቃል ነው የሚወስዱት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማን ይንገር? እናትየዋ ከቻለች እሷ። ድምጿ ካልወጣላት አንቺ ንገሪያቸው፣ እሷ አጠገባችሁ ትቀመጥ። ብታለቅስ ችግር የለውም። መቼ? በቀን፣ ከቁርስ በኋላ። ማታ ተነግሯቸው መኝታ ቢገቡ ለብቻቸው ከጨለማ ጋር ነው የሚቀሩት። ለአዋቂ እንደምናደርገው ገና ሳይነጋ ዘመድ ሰብስቦ በር ማንኳኳት ለልጅ አይሆንም። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ጩኸት አይኑር። ትንሿ እቅፍ ውስጥ፣ ትልቁ ጎንሽ።

ቃሉን እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦

"አንድ የሚያሳዝን ነገር ልነግራችሁ ነው። አባዬ በጣም ታሞ ነበር። እንደ ጉንፋን አይደለም፣ ከባድ ሕመም ነው። ሐኪሞቹ ብዙ ሞከሩ፣ ሊያድኑት አልቻሉም። አባዬ ሞተ። የሞተ ሰው አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ተመልሶ አይመጣም። ይመጣል ያልናችሁ እንዴት እንደምንነግራችሁ ጨንቆን ነው። እናንተ ባደረጋችሁት ወይም በተናገራችሁት ነገር አልሞተም። እማዬ አለች፣ እኔም አለሁ፣ ማንም ብቻችሁን አይተዋችሁም።"

ከዚያ ዝም በይ። አታብራሪ። እነሱ ይጠይቁ። የጉንፋኑን ነገር አትዝለዪው፤ ካልሆነ እናታቸው ባሳለች ቁጥር ልትሞት ነው ብለው ይሸበራሉ። "ባደረጋችሁት አይደለም" የሚለውንም አትርሺ። የሉማሜው ወንድማችን የጻፈውን እዪ።

ትንሿ በማግስቱ "አባዬ መቼ ይመጣል?" ብትል አትደንግጡ። ትላለች፣ ደጋግማ ትላለች። ያንኑ መልስ በዚያው ቃል ስጧት።

ጮቄ_ማዶ

እሺ፣ ለትልቁ ይነገረው። የሉማሜው ልጅ የጻፈው ከብዶኛል። አራት ዓመቷ ላይ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።

ደግሞ ልጠይቅ። ከተነገራቸው በኋላ ለቅሶ ቤት ይግቡ ልትሉ ነው? የእኛን ለቅሶ ታውቁታላችሁ። ሰው ደረቱን ሲደቃ፣ አልቃሽ ግጥም ስትደረድር፣ ሴቶች ፊታቸውን ሲነጩ። አዋቂ እንኳ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ሬሳ ሳም ተብዬ አንገቴን ይዘው ጎንበስ አድርገውኛል። እስከ ዛሬ ያ ቅዝቃዜ ከንፈሬ ላይ ነው። ይሄንን ልጆች ላይ አልመኝም።

ነርስ_ከባሕር_ዳር

ጮቄ ማዶ፣ ሬሳ አስገድዶ ማሳም ላይ መቶ በመቶ ካንተ ጋር ነኝ። ማንም ልጅ አይገደድ። ሳም፣ አልቅስ፣ አፈር በትን ተብሎ አይገፋ። ግን አስገድዶ ማቅረብና ጨርሶ ማራቅ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉዳት አላቸው። ልጁ የሚሆነውን ነገር ሳይገባው ይቀራል። የሚሻለው አስቀድሞ መንገርና ማስመረጥ ነው። "ብዙ ሰው ይመጣል። አንዳንዱ ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል። የታመመ እንዳይመስልህ፣ አዝኖ ነው። መግባት ከፈለግህ አብሬህ እገባለሁ። መውጣት ከፈለግህ እጄን ጎትተኝ፣ እንወጣለን።" የሰባት ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይመርጣል። የአራት ዓመቷ ለትንሽ ደቂቃ ገብታ ብትወጣ ይበቃታል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። እድራችን እንዴት የተደራጀ እንደሆነ አስቡ። ጥሩምባ የሚነፋ አለ፣ ድንኳን የሚተክል አለ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ንፍሮ የሚቀቅል አለ። ሁሉም ስም ወጥቶለት ተመድቧል። የሟቹን ልጆች የሚይዝ ግን አይመደብም። "ጎረቤት ውሰዷቸው" ይባልና ያልቃል። ከጎረቤት ደግሞ አንዷ ስታለቅስባቸው፣ ሌላዋ "ምስኪኖች" እያለች ራሳቸውን ስትዳብስ ይውላሉ። ልጆቹ የሚወዱት አንድ ሰው፣ ከለቅሶውም ከሥራውም ነፃ ሆኖ፣ ከእነሱ ጋር ብቻ ቢመደብ ምን ይከብዳል? አክስታቸው፣ አንቺ ራስሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። ለአርባው ወጥ ቤት አትግቢ። ለሌላ ሰው ስጪው።

አልጋ ላይ መሽናቱ ከሐዘንና ከጭንቀት ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነው። አትቆጡት፣ በሰው ፊት አታንሱት። አንሶላውን ቀይራችሁ ዝም በሉ። ያደገ ልጅ ጣት መጥባት ይጀምራል፣ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ እናቱን ሽንት ቤት ድረስ ይከተላል። አብዛኛው በጊዜ ይለቃል።

ሌላው፣ ልጅ ሐዘን ላይ እንደ እኛ ፍራሽ ይዞ አይቀመጥም። አልቅሶ ሳያባራ ኳስ ይጠይቃል። ሰው ያይና ወይ "አልገባውም" ይላል፣ ወይ "ልቡ ደንዳና ነው" ይላል። ሁለቱም አይደለም። የሚችለውን ያህል ያዝናል፣ ሲከብደው ይወጣል፣ ደግሞ ተመልሶ ይገባል። ይጫወት።

የሞጣዋ

አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ። ነርሷ ስለ ጨዋታ ያነሳችውን ልጨምርበት።

አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን የያዝኳቸው እኔ ነኝ። ተዕዚያው (ለቅሶ መድረሱ) ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ሰው ይበተናል። እናቴ ዒዳ (ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆይበትን ጊዜ) ተቀመጠች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ልጆቹ ከእኔ ጋር ሆኑ። አንድ ቀን እቃቃ ሲጫወቱ አየሁ። ጨርቅ ጠቅልለው አሻንጉሊት ገንዘዋል። ሁለቱ ተሸክመዋል፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ይመራል። ጉድጓድም ቆፍረዋል። አክስቴ "ሟርተኞች!" ብላ ዱላ ይዛ ወጣች። ያዝኳት።

ከዚያም እየደጋገሙ ቀበሩት፣ እያወጡ ደግሞ ቀበሩት። አንዴ ትንሹ "አሁን ይነሳል" አለ። ትልቋ "አይነሳም፣ የሞተ አይነሳም" ብላ ቆጣ አለች። እኔ ስንት ቀን ያስረዳሁትን እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው። የእናንተዎቹም ነጠላ ዘርግተው ድንኳን ቢሠሩ፣ ለቅሶ ለቅሶ ቢጫወቱ፣ አትከልክሏቸው።

እኛ ቤት "ማልቀስ አይገባም" የሚል ሰው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ራሳቸውም የቲም ሆነው ነው ያደጉት፤ አባታቸው ሳይወለዱ፣ እናታቸው በስድስት ዓመታቸው ነው የሞቱት። ለወንድሞቼ ይህን ስነግራቸው ቀለላቸው።

የቡሬዋ_አያት

የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ እኔ እናገራለሁ። ሁሉንም አንብቦልኛል።

ልጄ፣ እናትሽን አትቀየሚያት። ልጇን ቀብራለች እኮ። የልጅ ልጆቿን እንባ መቋቋም አቅቷት ነው "አትንገሩ" የምትለው። መጀመሪያ ከእሷ ጋር አልቅሺ። ከዚያ ትሰማሻለች።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ለዚያ ለሰባት ዓመቱ ልጅ "ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ ለእናትህ አባት ሁናት" የሚል ሰው ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል። ዝም አሰኙት። የእኔን የልጅ ልጅ እንዲህ ብለውት እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መሄድ ጀመረ። ጨዋታ ተወ። እናቱ ስታለቅስ እሱ ተደብቆ ያለቅሳል። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሏላ! ጠርቼ "አባወራዋ እኔ ነኝ፣ አንተ ልጅ ነህ" አልኩት።

ሁለተኛ፣ "አንዱን እኔ ልውሰድላችሁ" የሚል ዘመድም ይመጣል። በበጎ ልብ ነው። ግን አትለያዩአቸው። አባት ሄደ፣ ደግሞ እህት ልትሄድ ነው? ቤቱ ካልቻለ ሁለቱንም አንድ ላይ ይውሰድ፣ እናትም ታውቀው። መርዳት የፈለገ ጤፉን እዚያው ይላክ።

ዲያቆን_ከቢቸና

እማማ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት። ከእርስዎ በኋላ መናገር ይከብዳል።

ስለ አርባው ልናገር። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ቤተ ክርስቲያን ሐዘንን በደረጃ ይዛዋለች። ለልጆች ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። ቀብሩ አምልጧቸዋል። አርባው ግን አለ። ከዚያ በፊት ይነገራቸው፣ ከዚያ ትልቁ ቢፈልግ ወደ መቃብሩ ውሰዱት። የት እንዳለ ማየት ይረዳዋል። ባዶ ቦታ ላይ ከመፈለግ ያድነዋል።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በጸሎተ ፍትሐቱ የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ደግሞ የዓለም ስሙን ነው። ቄሱ ወልደ እገሌ ሲሉ ልጁ "ይሄ ማነው? አባዬ ሌላ ሰው ሆነ?" ሊል ይችላል። አስቀድማችሁ ስሙን ንገሩት። ከፈለገ ጧፍ ይያዝ። ዳቦ ሲታደል ትንሿ መሶቡን አብራ ትያዝ። ሥራ ያለው ልጅ አይፈራም።

ትንሣኤ ሙታንን አትንገሯቸው ማለቴ አይደለም። ነፍስ በእግዚአብሔር ዘንድ መሆኗን ንገሯቸው፣ እምነታችን ነው። ግን መምህርቷ ያለችው ይቅደም። ሥጋው መሞቱ ሳይገባው "ሰማይ ቤት ነው" የተባለ ልጅ "አውሮፕላን ይዘን እንሂድ" ነው የሚለው። ብሎኛልም አንዱ። ማልቀሳቸውን ደግሞ "እግዜርን ማስቀየም ነው" አትበሏቸው። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል።

ከገጠር_ነኝ

ኔትወርክ ሲገኝ ነው የማነበው፣ ዘግይቼ ከሆነ ይቅርታ። የእህቴን ልጆች ነው የማሳድገው። "የለመዱት ነገር እንዳይቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ቶሎ ይመለሱ" ይባላል። እኛ ጋ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ምን ይያዝ?

ኬጂ_መምህርት

ትምህርት ቤቱን ብቻ አትመልከት ወንድሜ። ልጁን የሚይዘው ነገ ምን እንደሚሆን ማወቁ ነው። ጠዋት የሚነሳበት ሰዓት፣ ጥጃ የሚፈታበት፣ እራት የሚበላበት፣ ማን አጠገብ እንደሚተኛ። ይህን አትቀያይሩ። በአቅራቢያ የኔታ ካሉ ጠዋት ጠዋት ሀ ሁ ይቁጠር። ከእኩዮቹ ጋር ይውላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፤ ለብቻው ቤት ከመዋል ይሻለዋል። ማታ እሳት ዳር ስለ እናቱ አውሩ። ምን ትወድ እንደነበር፣ እንዴት ትስቅ እንደነበር። ስሟ ቤት ውስጥ የማይጠራ ከሆነ ልጆቹ መጠየቅ ክልክል ነው ብለው ይይዙታል።

ነርስ_ከባሕር_ዳር

አንድ የረሳሁት። ስለ ልጆቹ ስናወራ እናትየዋን እንዳንዘልላት። ዎርደን እና ሲልቨርማን የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ እናት ወይም አባት የሞተባቸውን 125 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለዋል። ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ምን መሰላችሁ? የቀረው ወላጅ እንዴት እንደቆመ ነው። እሱ ከበረታ ልጆቹ ይበረታሉ። አብዛኞቹ ልጆችም ያለ ሕክምና ከሐዘኑ ጋር መኖርን ይለምዳሉ።

ስለዚህ ለቅሶ ደርሶ "አይዞሽ" ብሎ መሄድ አይበቃም። ሰው ሁሉ ከሣልስት በኋላ ይበተናል፣ የእናትየዋ ቤት ጸጥ የሚለው ያኔ ነው። እንጀራ ጋግሮ የሚወስድላት፣ ወፍጮ የሚያስፈጭላት፣ አንድ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ እንድትተኛ የሚያደርጋት ሰው ያስፈልጋታል።

ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው ለሚል ጥያቄ፦ ልጁ "ሞቼ አባዬ ጋ ልሂድ" ካለ ቀን አትስጡት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ከዚያ ውጭ ለሳምንታት በደንብ ካልበላ፣ ከጨዋታ ጨርሶ ከወጣ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ቅዠቱ ካልለቀቀው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት የሚል ሐሳብ ከያዘው ዝም አትበሉ። በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ይልኳችኋል። እዚያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ። "ልጄን እብድ ሊሉብኝ ነው" ብላችሁ አትፍሩ። ጠበል ማስጠመቅ ከፈለጋችሁም አስጠምቁ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የማርቆሷ_አክስት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ምክርዎን አደረግሁት። መጀመሪያ ከእናቴ ጋር አለቀስን። "እንግዲያስ አንቺ ንገሪያቸው፣ እኔ ግን አልችልም፣ ጓዳ እገባለሁ" አለችኝ።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ነገርናቸው። እናታቸው ጀመረችው፣ ግማሽ ላይ ድምጿ ጠፋ፣ እኔ ጨረስኩት። መምህርት፣ ቃልሽን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ አላነበብኩትም ግን ይዞኛል።

ትልቁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "አውቃለሁ" አለ። ክፍል ውስጥ ነግረውታል። ለምን አልነገርከንም ስለው "እማዬ እንዳታለቅስ" አለ። እናቱ ይህን ስትሰማ ያለቀሰችው ለቀብሩ ካለቀሰችው ይበልጣል። እሱም ያኔ ነው ያለቀሰው። በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ዝናብ ሲዘንብ መቃብሩ ውስጥ ይገባል ወይ? ጫማውን አድርጎ ነው ወይ? ማን ነው ትምህርት ቤት የሚከፍልልኝ? ይህችን የመጨረሻዋን አልጠበቅኋትም። አጎቱ እንደሚከፍል ስነግረው ትከሻው ሲወርድ አየሁት።

ትንሿ "እሺ" ብላ ወጣች፣ ዶሮ ልታባርር። ማታ "አባዬ ሞቷል፣ ነገ ይመጣል" አለች። ያንኑ መልሰን ነገርናት።

አሁን አንድ የቀረኝ፦ ለትልቁ አስተማሪ ምን ልበላት?

ኬጂ_መምህርት

ራስሽ ሂጂና ለብቻዋ ንገሪያት። ልጁ አሁን በግልጽ እንዳወቀ፣ ክፍል ውስጥ አንስተው እንዳያዝኑለት፣ ሊወጣ ከፈለገ ያለ ጥያቄ እንድትፈቅድለት። ሂሳብ ቢያቅተው ወይም ቢፈዝ ሰነፍ እንዳትለው። ትኩረት መቀነስ ለወራት ይቆያል። "ስለ አባት ሥዕል ሳሉ"፣ "አባታችሁን ይዛችሁ ኑ" የሚባል ቀን ካለ አስቀድማ ትንገረው፣ ራሱ ይምረጥ። አያቱን ወይም አጎቱን ሊስል ይችላል፣ አባቱንም ሊስል ይችላል።

የሚሰድቡት ልጆች ካሉ ደግሞ እሷ ትያዛቸው። "አባት የለህም" የሚለው ስድብ ገና ይመጣል። እቤት ተለማመዱት። "አባቴ ሞቷል፣ ግን አባቴ ነው" ብሎ ዞር እንዲል።

ጮቄ_ማዶ

ያቺ "ማን ነው የሚከፍልልኝ" ያላት እኔንም አልጠበቅኋትም። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ተሸክሞ ነው የከረመው? በሉ እንግዲህ። ትንሿ ላይ ግን አሁንም እላለሁ፣ አልገባትም።

ነርስ_ከባሕር_ዳር

አልገባትም፣ ልክ ነህ። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት ደግማ ትጠይቃለች፣ ያኔ እንደ አዲስ ታለቅሳለች። ልዩነቱ ያኔ የምትሰማው ነገር ዛሬ ከሰማችው ጋር አንድ መሆኑ ነው። "ዋሽታችሁኝ ነበር" አትልም።

እናት_ከዳንግላ

ገብቼ ልጠይቅ? የእኔ ልጅ ሁለት ዓመቱ ነው። የምታሳድገው አያቱ ሞታለች። እኔ ሥራ ስለምውል እጇ ላይ ነው ያደገው። ለሱ የሚነገር ነገር አለ? ወይስ ዝም ይሻላል?

ነርስ_ከባሕር_ዳር

ነፍስ ይማር እህቴ። በሁለት ዓመቱ ቃሉ ብዙም አይገባውም፣ መጥፋቷ ግን ይገባዋል። አጭር አድርጊው፦ "እማማ ሞተች፣ የለችም፣ እኔ አለሁ።" በር በሩን ቢያይ፣ አልጋዋን ቢፈልግ፣ ያንኑ በይው። ከሁሉ በላይ ግን ሰው አትቀያይሩበት። ዛሬ ጎረቤት፣ ነገ ሠራተኛ፣ ከነገ ወዲያ አክስት ከሆነ ይብስበታል። አንድ ሰው ይያዘው፣ አያቱ ታስተኛው በነበረው ሰዓትና አኳኋን ያስተኛው። እሷ እሹሩሩ ትለው ከነበረ ያንኑ። ነጠላዋን ከፈለገ ስጡት፣ ቶሎ አታጥቡት። ምግብ መቀነስና ሌሊት መነሳት ለተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ፈዞ ከቀረ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ፎቶዋን አስቀምጪለት። ሲያድግ "ያሳደገችህ ይህች ናት" ብለሽ ታሳዪዋለሽ።